ሶንግ ቱም ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው! ታይላንድ ያላችሁ ኑ እናውራ

የኦን ኑቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባንኮክ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ የምጽፈው ሦስት ዓመት ሙሉ ስለተሸወድኩበት ነገር ነው።

ከምኖርበት ሕንፃ በታች፣ ሶዩ ውስጥ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አሮጊት አሉ። (ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅያስ ነው። ታክሲም ፖስተኛም የሚያውቅህ በሶይ ቁጥርህ ነው።) ባለፈው ሳምንት ሁለት ሱሪ እንዲያሳጥሩልኝ ሰጠኋቸውና "መቼ ልምጣ?" አልኳቸው። "ሶንግ ቱም" አሉኝ። ሶንግ ሁለት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሮዬ ሁሉ ነገር በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ እኔም እንደዚያ ማሰብ ለምጃለሁ። በማግስቱ ምሳዬን ትቼ በ8 ሰዓት፣ ማለትም ፈረንጆቹ ሁለት በሚሉት፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ሄድኩ። አሮጊቷ ምሳቸውን እየበሉ ነው። ሱሪዎቼ እንደሰጠኋቸው ተጣጥፈው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሶንግ!" ብዬ ሁለት ጣቴን ቀሰርኩ። ሳቁብኝ። ማንኪያቸውን አስቀመጡና መጀመሪያ ወደ ፀሐይዋ ጠቁመው እጃቸውን አወናጨፉ። ከዚያ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልገባኝም። በመጨረሻ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ በቡጢ ሁለቴ መቱት። ቱም፣ ቱም።

ለካ ቱም የከበሮ ድምፅ ነው! ድሮ ማታ ማታ ሰዓት የሚነገረው ከበሮ እየተመታ ነበር አሉ። ቀን ቀን ደግሞ የነሐስ ደወል ይመታል፤ የቀኑ ሰዓት "ሞንግ" የተባለው ለዚያ ነው። የማታው ቆጠራ የሚጀምረው ከጨለመ በኋላ ነው። ፈረንጅ 7 የሚለው ኑንግ ቱም፣ አንድ። 8 የሚለው ሶንግ ቱም፣ ሁለት። እንዲህ እያለ እስከ ሃ ቱም፣ አምስት ድረስ። ቁጭ የኛ!

ጠዋትም ያው ነው። ሰፊዋ የጠዋቱን 2 ሰዓት "ሶንግ ሞንግ ቻኦ" ነው የሚሉት። ወጣቶቹ ግን አሁን አሁን "ፔት ሞንግ"፣ ስምንት፣ ይላሉ። የምንለያየው ከቀትር በኋላ ነው። እነሱ ከቀትር በኋላ እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም እንደገና። ስለዚህ እዚህ አገር በአንድ ቀን ውስጥ አራት "ሁለት ሰዓት" አለ ማለት ነው።

ማታ ሄጄ ሱሪዬን ተቀበልኩ። ግን ወይ ነዶ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስደምር ስቀንስ ኖሬ። እናንተስ? "ይሄማ የኛ ነው" ያላችሁት፣ ወይም እስከ ዛሬ አልገባ ያላችሁ ነገር ምንድነው?

ተማሪው፣ ፓቱም ታኒ፦

ሰዓቱን ተዪው፣ ዓመተ ምሕረቱን አውሪ። የመጣሁ ሰሞን ከሰቨን ኢለቨን ወተት ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የሚያበቃበት ቀን 12/06/68 ይላል። 68? የደርግ ጊዜ ወተት ነው እንዴ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ለካ 2568 ማለታቸው ነው። የቡድሃ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። ከኛ ጋር ሲተያይ ደግሞ 550 ወይም 551፣ እንደ ወሩ ነው።

ማዘር በስልክ "ስንተኛው ዓመት ላይ ናችሁ?" ስትለኝ 2568 አልኳት። ዝም አለች። "ስምንተኛው ሺህ እናንተ ጋ ደርሷላ" አለችኝ።

ሌላ ላክል። ገበያ ውስጥ ስሄድ አንዲት ሴት ከኋላዬ "ፋራንግ! ፋራንግ!" ትላለች። ዞር ብዬ ፈረንጁን ብፈልግ የለም። ያለነው እኔና እሷ ብቻ። ዕድሜ ልኬን ሌላውን ፈረንጅ ስል ኖሬ ዛሬ በኔ ደረሰ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የምትሸጠው ዘይቱን ነው! ዘይቱንም ነጭ ሰውም በታይ ቋንቋ ፋራንግ ነው። ቃሉ ከኛው ፈረንጅ ጋር የአንድ አባት ልጅ ነው፤ ሁለቱም ከ"ፍራንክ" የመጡ ናቸው፣ በዐረብና በፋርስ ነጋዴ አፍ ዞረው። በ20 ባት አንድ ከረጢት ገዛኋት። ከጨው፣ ከስኳርና ከሚጥሚጣ ጋር ነው የሚበላው። ሞክሩት።

የኦን ኑቷ፦

የደርግ ጊዜ ወተት 😂😂 ገደልከኝ።

ጋሼ ደላንታ፦

ልጆቼ፣ እኔ የምመላለሰው በድንጋይ ነው። የወሎ ኦፓል። ወገል ጤና ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከወጣ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደዚህ መንገድ ጀመርን። ባንኮክ ሲሎም አካባቢ፣ ማሄሳክ የሚባለው መንገድ፣ የዓለም ድንጋይ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ሲመቸኝ ወደ ቻንታቡሪም እወርዳለሁ። እዚያ ቅዳሜና እሁድ ገበያው ለየት ያለ ነው፤ ገዢው ጠረጴዛ ተከራይቶ ይቀመጣል፣ ሻጩ እየዞረ ያቀርብለታል። ቋንቋ አያስፈልግም። እሱ ካልኩሌተር ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ አንተ አጥፍተህ ሌላ ትጽፋለህ።

ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ሶንግክራን ነው። የነሱ ዘመን መለወጫ፣ ሚያዝያ 5፣ 6 እና 7። ውሃ እንደሚረጩ ሰምቼ ነበር። እንደ ጠበል ትንሽ ነካ ነካ የሚያደርጉ መስሎኝ። የሸሚዜ ኪስ ውስጥ በወረቀት የታጠፈ ድንጋይ ይዤ በእግሬ ሲሎም ገባሁ። አንዲት አሮጊት ቀረብ ብለው አበባ ያለበት ውሃ ትከሻዬ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱልኝ። ደስ አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ቀና ስል አንድ ጎረምሳ በረዶ ያለበት ባልዲ ሙሉ አለበሰኝ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ። የውሃ ጠመንጃ የያዘ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ፈረንጅ፣ ሁሉም እኔ ላይ።

የኛ ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የነጋዴ ሁሉ ጭንቀት ይሄ ነው። ገዢዬ ቢሮ ደርሼ ወረቀቱን ስፈታ ያ እሳት የመሰለ ቀለም የለም። የብርጭቆ ስባሪ ነው የሚመስለው። ልቤ ቀጥ አለ። ሰውየው አየኝ፣ ልብሴን አየ፣ ወለሉ ላይ የሠራሁትን ኩሬ አየ። ሳቀና "ማይ ፔን ራይ" አለ። ምንም አይደል። ደረቅ ጨርቅ ላይ ደረደረው። ለእኔም ፎጣና ደረቅ ቲሸርት ሰጠኝ፣ ሩዝ አስመጣልኝ። በአራተኛው ቀን ቀለሙ ተመለሰ። በተነጋገርነው ዋጋ ነው የገዛኝ፣ አንድ ባት አልቀነሰም። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ጋር አልሠራም።

ሆድ ይፍጀው፦

ጋሼ ይህን ታሪክ ይባርክልዎ። ግን ሁሉም "ማይ ፔን ራይ" እንደዚያ ጣፋጭ አይደለም። አከራዬ ኤሲው ከተበላሸ ሁለት ወር ሆነው። በጠየቅኩት ቁጥር ማይ ፔን ራይ። መብራት ደግሞ በራሱ ተመን 8 ባት በኪሎዋት ያስከፍለኛል፣ መንግሥት ጋ ግን 4 ባት ገደማ ነው። ውል ላይ አለ፣ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። የምትከራዩ ይህቺን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሌላም ልናገር፣ ሁሉ ሰው ሲያሞግስ ስለሰለቸኝ። እንግሊዝኛ ላስተምር አንድ ትምህርት ቤት አመለከትኩ። በስልክ ሲያናግሩኝ በጣም ጥሩ ነበሩ። ሰኞ ጀምር ተባልኩ። ስሄድ ተቀባይዋ አየችኝ፣ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ በዚያ ውብ ፈገግታዋ "ቦታው ተይዟል" አለችኝ። እጇን አጋጥማ ዋይ አድርጋ ሸኘችኝ። እንደዚህ በትሕትና ተባርሬ አላውቅም። ሱቅ ስትገቡስ? ቆዳ የማያነጣ ቅባት ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

ተማሪው፣ ፓቱም ታኒ፦

ሰንስክሪን እንኳ "የሚያነጣ" ይላል። እውነቱን ነው።

የኮን ኬን አማች፦

ወንድሜ ሆድ ይፍጀው፣ የደረሰብህን አልክድም፣ በኔም ደርሷል። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። የሚስቴ አክስት ገና ስታየኝ "ጥቁር ነው ግን ቆንጆ ነው" አለች። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው የኔ አያት እህቴን "ጠይም ናት እንጂ መልኳስ ደህና ነበር" ትላት ነበር። እዚህ የእርሻ ሰው ፀሐይ ያጠቁረዋል፣ የቤት ሰው ይነጣል፣ ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው። ይቅርታ እያደረግኩላቸው አይደለም። ብቻ ቤቴ የማውቀውን ነገር እዚህ ሳገኘው አልገረመኝም።

አሁን ወደ ጨዋታው። እኔ ያለሁት ኢሳን ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ። እዚህ የሚበላው የሚጣበቅ ሩዝ ነው፣ ካኦ ኒያኦ። ከቀርከሃ በተሠራች ክዳን ባላት ሌማት ትቀርባለች። በእጅህ ቆንጥረህ፣ አድቦልቡለህ፣ ወጡ ላይ ነካ አድርገህ ነው። በማንኪያ የሚበላ እንግዳ ያሳዝናቸዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን በቀኝ እጄ ጀመርኩት፣ ሳይነግሩኝ። አማቴ ሚስቴን አይታ አንድ ነገር አለች። "ይሄ ሰው ያደገ ሰው ነው" ማለቷ ነው።

እኔም ደስ ሲለኝ ምን ሠራሁ መሰላችሁ? ጎረስኩና ቀጥሎ ትልቅ አድርጌ ጠቅልዬ ለአማቴ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ጉርሻ! ቤቱ ጸጥ አለ። አማቻችን የሆነ ነገር ሆነ እንዴ የሚል ጸጥታ። እዚህ የሚጎርሰው ሕፃን ነው፣ ወይም ታማሚ። አማቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ትራክተር የምትነዳ ሴት ናት። አፏን ከፈተች። አኘከች። "ሴብ ኢሊ" አለች፣ በኢሳን አባባል በጣም ይጣፍጣል ማለት ነው። አማቼ ሳቁን መያዝ አቃተው። አሁን በየበዓሉ ጎረቤት ሲመጣ "ያንን የአገርህን ነገር አሳያቸው" ትለኛለች።

ሲንሶት እንደሚባልም እወቁ፣ ጥሎሽ ነው። ገንዘብና ወርቅ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሁሉ እያየ ይቆጠራል። ወርቁ ራሱ በ"ባት" ነው የሚመዘነው፣ አንዱ ባት ወርቅ 15 ግራም ያህል ነው። ስንት እንደከፈልኩ አትጠይቁኝ።

የኦን ኑቷ፦

ስንት ከፈልክ?

የኮን ኬን አማች፦

ሆድ ይፍጀው የሚለውን ስም ሌላ ሰው ወሰደብኝ።

ጾመኛዋ፦

እኔ ደግሞ የምጠይቀው አለኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። አትክልት ብዬ አዝዤ የዓሣ መረቅ ሸተተኝ። ሶም ታም፣ ያቺ የፓፓያ ሰላጣ፣ ውስጧ ደረቅ ሽሪምፕ አለባት። ምን እየበላችሁ ነው የምትጾሙት?

የኦን ኑቷ፦

እህቴ፣ "ቬጅቴሪያን" አትበያቸው፣ እሱ ለነሱ ሥጋውን ለቅሞ ማውጣት ነው። ናም ፕላ፣ የዓሣው መረቅ፣ እንደኛ ጨው ነው፣ ምግብ አይመስላቸውም። "ጄ" በያቸው። "ኪን ጄ"። ጄ የቻይና ዝርያ ያላቸው ታዮች የሚጾሙት ጾም ነው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። እንዲያውም ከኛ ይብሳል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም የለም። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ 17 ቁጥር የሚመስል ምልክት ያለበት ቤት ፈልጊ። በጥቅምት አካባቢ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከተማው በዚያ ባንዲራ ይሞላል። በሌላ ጊዜ ግን በየሰፈሩ አንድ ሁለት ነው የሚገኘው።

ዘወርዋራው፦

ዓሣ ጾም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እዚህም ልንጀምር ነው? ፖፕኮርን ላምጣ?

ጾመኛዋ፦

አታምጣ። ላንተ መልስ የለኝም። የኦን ኑቷ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዛሬ አገኘሁ! ባለቤቷ "ጄ?" ብላ ዓይኗ በራ። ቶፉ በዝንጅብል። 50 ባት። ሌላው የማይገባኝ ግን በየሕንፃው በር ላይ ያለችው ትንሽ ቤት ናት። ቀይ ፋንታ ስትሮው ተሰክቶላት ለማን ነው የሚቀመጠው? ባዕድ አምልኮ ነው ብዬ በሌላ በር ነው የምገባው።

ጋሼ ደላንታ፦

ልጄ፣ ለቦታው ባለቤት መንፈስ ነው የሚሉት። ሕንፃ ሲሠሩ ከቦታው ያፈናቀሉት ስለሚመስላቸው ቤት ይሠሩለታል። ለምን ቀይ እንደሆነ አምስት ሰው ጠይቄ አምስት መልስ ሰጥተውኛል። አንቺ በየትኛውም በር ግቢ። እኔ አያቴ ዋርካ ሥር ለአድባር ቡና ሲያፈሱ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ልፈርድ አፌ አይከፈትም።

ተማሪው፣ ፓቱም ታኒ፦

አንድ ቃል አለ፣ "ክሬንግ ጃይ"። ይህን ማስረዳት የሚችል አለ? አስተማሪያችን ግማሽ ሰዓት ወስዳ አልገባንም።

የኮን ኬን አማች፦

ይሉኝታ ነው። አለቀ።

የሁዋይ ኩዋንግ ጎረቤት፦

ወንድሜ፣ ቀርቧል ግን አልደረሰም። ብዙ አስቤበታለሁ። ይሉኝታ እኮ ቃሉ ራሱ "ምን ይሉኛል" ነው። የምፈራው ስለ ራሴ ነው። ክሬንግ ጃይ ደግሞ "እንዳላስቸግረው" ነው፣ የምፈራው ስለሱ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ።

ከበታቼ ያለው ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። አንድ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ማንጎ በፌስታል ይዟል። ሰጠኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። (እዚህ ሰላምታው "ኪን ካኦ ሩ ያንግ" ነው፣ ሩዝ በልተሃል ወይ።) ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ፣ ሊፍቱ ጋ ደርሶ፣ "ምናልባት ጊዜ ሲኖርህ..." አለ። የመታጠቢያ ቤቴ ውሃ ወደሱ ጣራ ይንጠባጠባል። ከመቼ ጀምሮ? ሁለት ሳምንት። ወርጄ አየሁት። አልጋው እግር ሥር ባልዲ አስቀምጧል። ድምፁ እንዳይረብሸው ባልዲው ውስጥ ፎጣ አድርጎበታል። ሁለት ሳምንት!

አፈርኩ። ቧንቧ ሠሪ ያኔውኑ ጠራሁ። ማንጎውን ግን እስካሁን አስባለሁ። የበደልኩት እኔ፣ ስጦታ ያመጣው እሱ።

እና ነገሩ ጎን አለው። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ነገር ሲሳሳት አይነግረኝም፣ እኔ ስሳሳትም አይነግረኝም። "እሺ" ይላል። የኛ አገር "እሺ፣ ነገ" ትዝ ይላችኋል? እሱ ነው። አሁን ጥያቄዬን ቀይሬያለሁ። "ያልቃል ወይ?" አልልም፣ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። "ምን ቀረ?" እላለሁ።

ተማሪው፣ ፓቱም ታኒ፦

ይህን ለአስተማሪዬ ልተረጉምላት ነው። ስለ ቋንቋ ካነሳን፣ ክላይ ማለት "ቅርብ" ነው፣ ክላይ ማለት "ሩቅ" ነው። ልዩነቱ ድምፅህን ዝቅ ማድረግህና አለማድረግህ ነው። የሞተር ታክሲውን "ክላይ ወይ?" አልኩት፣ "ክላይ" አለ። 40 ደቂቃ።

እናቴን ላመጣ፦

ሰላም፣ ሁሉን አነበብኩ፣ ደስ የሚል ክር ነው። ቁምነገር ልጠይቅ። እናቴን ለሕክምና ባንኮክ ላመጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜያችን ነው። ምን እንዳልረሳ?

ጋሼ ደላንታ፦

እግዜር ይማርልሽ። መጀመሪያ ቢጫ ካርዷን፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሁሉ ይጠየቃል። ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መከተብ አለባት። ሱቫርናፑም ኤርፖርት ስትደርሱ ከኢሚግሬሽኑ በፊት የጤና ቁጥጥር የሚል ጠረጴዛ አለ፣ መጀመሪያ እዚያ። ብዙ ሰው አልፎት ይሄድና ሰልፉ ጫፍ ደርሶ "ተመለስ" ይባላል። እናትሽን ሁለቴ አታሰልፊያት። ዊልቸር ካስፈለጋት ቲኬት ስትቆርጪ ተናገሪ።

የኦን ኑቷ፦

የመግቢያ ቅጹ አሁን በኢንተርኔት ነው፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል። ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጉት። አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች አማርኛ አስተርጓሚ አላቸው፣ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። ስም ሲጠሩ አትደናገጪ፣ እንደኛ በራስ ስም ነው የሚጠሩት። ታዮች የቤተሰብ ስም በሕግ የያዙት በፈረንጆቹ 1913 ነው፣ አሁንም አይጠሩበትም። "ኩን" ብለው የእናትሽን ስም ይጠራሉ፣ ወይዘሮ እንደማለት። ናና አካባቢ፣ ሱኩምቪት ሶይ 3 ዙሪያ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። እንጀራው ጤፍ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ አቋረጥኳችሁ። ታናሽ ወንድሜ ታይላንድ ሥራ አግኝቷል። ደንበኛ አገልግሎት ነው ብለውታል፣ ኮምፒውተር ላይ። 1,200 ዶላር በወር። ቲኬቱን እነሱ ቆርጠውለታል፣ በቱሪስት ቪዛ ግባ የሥራ ፈቃዱን እዚህ እንጨርሳለን አሉት። አርብ ይበርራል። ባንኮክ ሲደርስ የምትቀበሉት ካላችሁ ብዬ ነው።

ጋሼ ደላንታ፦

ልጄ፣ አይብረር።

የሁዋይ ኩዋንግ ጎረቤት፦

እህቴ/ወንድሜ፣ እባክህን ይህን በደንብ አንብብ። ኤርፖርት ላይ መኪና ይጠብቀዋል። መኪናው ባንኮክ አይገባም። ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሜ ሶት ወደምትባል የድንበር ከተማ ይወስደዋል። እዚያ ሞኢ የሚባል ወንዝ አለ፣ ጠባብ ነው፣ በጀልባ ደቂቃ አይፈጅም። ማዶው ምያንማር ነው፣ ሚያዋዲ። ፓስፖርቱን ይቀበሉታል። ሥራው ሰው በኢንተርኔት ማጭበርበር ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል፣ ለመውጣት ቤተሰብ ገንዘብ ይጠየቃል። በየካቲት 2017 በአንድ ቀን 260 ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ወታደሮች ተሰጥተው ነበር። ከግማሽ በላይ የኛ ልጆች ነበሩ። ስማቸውን የምናውቀው ሰፈር ልጆች።

የኮን ኬን አማች፦

እውነተኛ ቀጣሪ በቱሪስት ቪዛ ግባ አይልም። ውጭ እያለህ ለሥራ የሚሰጠውን ቪዛ የሚያሰጥ ወረቀት ይልክልሃል። የድርጅቱን አድራሻ ጠይቀው። "ታክ ግዛት" ወይም "ሜ ሶት" ካለ ነገሩ አለቀ። ካላለም ይጠራጠር።

አዲስ ገቢ፦

አድራሻ የለውም። ደጋግመን ጠየቅን፣ "ስትደርስ" ነው የሚሉት። እናቴ በሬ ሸጣለች ለኪስ ገንዘብ። ምን ብዬ ልንገራት።

ጋሼ ደላንታ፦

በውስጥ መስመር ስልክህን ላክልኝ። እናትህን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

ተማሪው፣ ፓቱም ታኒ፦

(ሦስት ቀን ዝም ስላልን) ምን ሆነ?

አዲስ ገቢ፦

አልሄደም። ተቆጥቶኛል፣ አያናግረኝም። ጋሼ ከእናቴ ጋር አንድ ሰዓት አወሩ። እግዜር ዕድሜ ይስጣችሁ።

ሆድ ይፍጀው፦

ይቆጣ።

የፕራቱናም ተመላላሽ፦

እኔ ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። መርካቶ ልብስ እሸጣለሁ፣ በሁለት ወር አንዴ ፕራቱናም፣ የባንኮኩ የልብስ ገበያ፣ ነኝ። "ሳም ቱዋ" የምትለውን ቃል ያዙ፣ ሦስት ፍሬ ማለት ነው፣ ከሦስት ጀምሮ የጅምላ ዋጋ ነው። የምገዛላት ሴትዮ ስገባ ሒሳብ አትጀምርም። "በልተሻል?" ነው። አልበላሁም ካልኩ ዕቃ አታሳየኝም። አንድ ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት የመንግሥት መዝሙር ከድምፅ ማጉያ...

ውይ፣ ተሳሳትኩ። መዝሙሩ ጠዋት በ2 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ነው። ማታ ነበር። ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኔ ጆንያዬን እየጎተትኩ አንዱ ጀርባ ላይ ወጣሁ። የተጋጨሁት ሰውዬ ዞር እንኳ አላለም። መዝሙሩ ሲያልቅ ጆንያውን ራሱ ተሸከመልኝ።

ለማንኛውም፣ ረቡዕ ከአዲስ እመጣለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የአራት ኪሎ ዕቃ ቦታ አለኝ። በርበሬ የምትፈልጉ፣ ሽሮ የምትፈልጉ፣ ቶሎ ጻፉ።

ጾመኛዋ፦

ሽሮ! አንድ ኪሎ። ለጾሙ።

የኮን ኬን አማች፦

ሚጥሚጣ። አማቴ ከነሱ ቃሪያ ጋር ልታወዳድረው ትፈልጋለች። ውርርድ አለን።

ተማሪው፣ ፓቱም ታኒ፦

ጌሾ ይቻላል?

የፕራቱናም ተመላላሽ፦

ጌሾውን ጉምሩክ ምንድነው ቢለኝ ምን ልበለው? ቅጠል ነው ልበለው? እኔን ልታሳስሩ ነው?

የኦን ኑቷ፦

ለኔ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ አንድ ክንድ ይበቃል። ሰፊዋ አሮጊት ፎቶ ላይ አይተው "ይሄ በእጅ ነው የተሠራው?" ብለው መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። ረቡዕ ስትገቢ ልቀበልሽ። ስንት ሰዓት?

የፕራቱናም ተመላላሽ፦

ዕቃውን ጥዬ ሐሙስ እንገናኝ። ሁለት ሰዓት ይመችሻል?

የኦን ኑቷ፦

የቱ ሁለት?